ሴት ስትሮጥ «ማን ሞተ?» ይላሉ

ለወንድሜ ለምስጋኑ

እናታችን ንስሐ ሳትገባ የሞተችው መምሬ ሞላ ስለዘገዩ አይደለም፤ በእኔ ምክንያት ነው። ይህን ለባሌ ለሰጠኝም፣ ለነፍስ አባቴም፣ ለማንም ሰው ነግሬ አላውቅም። ሰላምታዬን ሳላስቀድም እንዲህ በመጀመሬ አትቀየመኝ። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ በሰላምታ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ሰላምታው ወረቀቱን ጨረሰው፤ እኔም እፎይ ብዬ አጥፌ ላክሁልህ። ዛሬ ግን ከባዱ ይቅደም ብያለሁ።

አሁን እንደ ወጉ ልጠይቅህ። እንደምን ከርመሃል ወንድም ዓለም? የአሰብ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ወደብ ላይ ጆንያ ስትሸከም ያመመህ ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ገለቴ ደኅና ናት? አረጋ ትምህርቱን በርትቶ ይዟል? ትንሿ የሺሃረግ ጥርስ አወጣች ብለኸኝ ነበር፤ ይኸኔ እየዳኸች ቤቱን ታተራምሰው ይሆናል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። አለሁ ማለቴ እንደ ሰው ነው እንጂ ደክሞኛል። ያለፈው መኸር ከዘሩ ብዙም አላለፈም። የዘንድሮው በልግ ደግሞ እስካሁን ደመና እያሳየ ይሄዳል እንጂ ጠብ ያለ ነገር የለም። ጥጥ ባገኘሁ ቀን እፈትላለሁ፣ ባጣሁ ቀን ለሰው እፈጫለሁ።

በመጨረሻው ደብዳቤህ ላይ «እታለም፣ ከላሊበላ የመጣ ሹፌር እኅትህን በመኪና መንገድ ላይ ስትሮጥ አየኋት አለኝ፤ ምን ነካሽ፣ አበድሽ እንዴ?» ብለህ የጻፍኸውን አንብቤ ብቻዬን ስቄአለሁ። ከዚያ ደግሞ ሳቁ አልቆ ብዙ ተቀመጥሁ። አላበድሁም። ነገሩ እንዲህ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ለአብዮት በዓል እያንዳንዱ ቀበሌ አሥር አሥር ሴት እንዲያስሮጥ ታዘዘ። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበራችን ጥሩነሽ ዘጠኝ አግኝታ አንዲት ጐደለችባት። ደጄ መጣችና «አስቻለች፣ አንቺ የሚከለክልሽ ባል የለሽ፣ የሚያለቅስብሽ ልጅ የለሽ፤ ነይ ቁጥሩን ሙዪልኝ» አለችኝ። እንዲህ ያለ ልመና ሰምቼ አላውቅም። ግን እምቢ ማለት እንደማልችል ታውቃለህ፤ ሄድሁ። በኮንጎ ጫማ ሜዳውን ሦስት ጊዜ ዞርን። እኔ ከኋላ ሁለተኛ ወጣሁ፤ ከእኔ በስተኋላ የቀረችው ነፍሰ ጡር ነበረች። ሕዝቡ እስኪበቃው ሳቀብን።

ቤቴ ስገባ ጎኔ ይወጋኛል፣ እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ ውስጤ ግን ጸጥ ብሏል። ሰጠኝ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያለ ጸጥታ አግኝቼ አላውቅም ነበር። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ማንም ሳያዝዘኝ ወጣሁ። ወደ ሹምሽሃ በሚወርደው መንገድ እስከ ጅረቱ ሮጬ ተመለስሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መንገዴ ያው ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ጎረቤቴ ወለተ ሩፋኤል ስሮጥ አየችኝና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ «ወየው! ማን ሞተ?» እያለች ከኋላዬ መጣች። ሁለት ሴቶች ደግሞ እሷን ተከትለው ወጡ። ቆሜ «ማንም አልሞተም፣ ዝም ብዬ ነው የምሮጠው» ብላቸው፣ ወለተ ሩፋኤል ቁና ቁና እየተነፈሰች «ሰው ሳይሞት ትሮጫለሽ? በይ እንግዲያው ያፈሰስሁትን እንባ መልሺልኝ!» አለችኝ። እስከ ዛሬ በደጇ ሳልፍ «ዛሬስ ማንን ገደልሽ?» ትለኛለች። እኔም «ገና ነኝ፣ ስመለስ እነግርሻለሁ» እላታለሁ። ቀልዱን ለምደነዋል፤ እኔን ግን አንዳንድ ቀን እንደ እሾህ ይወጋኛል። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግርሃለሁ።

በየቀኑ የምሮጥ ብርቱ ሴት እንዳልመስልህ። አምና ክረምት ጭቃው አንሸራትቶኝ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ፤ ወሩን ሙሉ አነከስሁ። ድኜ ስነሳ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ጎኔን ወጋኝ። ከሁሉ የሚያሰለቸው ይህ ነው። ፈትል ቢተዉት ካቆሙበት ይቆያል፤ ትንፋሽ ግን ካቆሙበት አይጠብቅም። በጾም ባዶ ሆዴን ዓይኔ ይጨልምብኛል። ኮንጎው ተሰንጥቆ በክር ሰፋሁት፤ ስፌቱ ደግሞ ጣቴን ላጠው። ምንጩ ከሳሳ ወዲህ የውኃ ወረፋ የሚያዘው በጎህ፣ በእኔ የሩጫ ሰዓት ሆነ። እንስራዬን ሰልፍ ላይ አስቀምጬ እሮጣለሁ፤ ስመለስ ወደ ኋላ ገፍተውት መጨረሻ ላይ ብቻውን ቆሞ አገኘዋለሁ። «እግር ላላት ሴት ወረፋ ምን ያደርግላታል?» ይሉኛል። ስቄ እቆማለሁ። ያን ቀን ውኃ የምቀዳው ፀሐይ ከረር ካለ በኋላ ነው።

ብርታቱን ከየት ታመጫለሽ ካልኸኝ፣ የለኝም። ጠዋት «ዛሬ አልሮጥም፣ ጫማዬን ብቻ ላድርግ» እላለሁ። ጫማውን ሳደርግ «እስከ ደጅ ብቻ ልውጣ» እላለሁ። ራሴን እንደ ሕፃን እያባበልሁ ነው የምወጣው። ተባብዬም እምቢ የምልበት ቀን አለ። ያን ቀን ተመልሼ እተኛለሁ፣ ራሴንም አልረግምም። ራሴን የምረግምበት ሌላ ነገር አለኝ።

እናታችን የሞተችበትን ቀን ታስታውሳለህ። ኅዳር ነበር፤ አንተ በሬ ልትሸጥ ኩልመስክ ገበያ ሄደህ ነበር። እኔ ከተዳርሁ ዓመት ሳይሞላኝ እሷን ላስታምም መጥቼ ነበር። ጠዋት ዓይኗን ገለጠችና «አስቻሉ፣ ቀኔ ደርሷል። የልቤን ሳልናገር እንዳልሄድ፣ ሩጪና መምሬን ጥሪልኝ» አለችኝ።

ከቤት ስወጣ ሮጫለሁ። ቁልቁለቱን ወርጄ የሰጠኝ ዘመዶች ገብስ የሚያጭዱበት ማሳ ላይ ስደርስ አጫጆቹ ማጭዳቸውን እንደያዙ ቀና አሉ። «ኧረ ሙሽሪት፣ ምነው? ማን ሞተ?» አሉኝ። በአማቶቼ ፊት አፈርሁ። ደግሞም ፈራሁ፤ በሕይወት ያለችውን እናቴን በሩጫዬ የገደልኋት መሰለኝ። ሟርት ይሆንባታል ብዬ ነጠላዬን አስተካከልሁና «ኧረ ማንም አልሞተ፤ እናቴን ትንሽ አሟት ነው፤ እግዜር ያበርታችሁ» ብዬ መራመድ ጀመርሁ። ከማሳው ከራቅሁ በኋላም አልሮጥሁም፤ አዝመራ ስለነበረ በየመታጠፊያው ሰው ነበር። ለሁሉም ሰላምታ ሰጠሁ። የሁሉንም ከብትና ልጅ ጠየቅሁ። መምሬ የሚቀድሱበት ገነተ ማርያም ስደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች።

መምሬ ሞላ ከቅዳሴ ገብተው እህል ሊቀምሱ ተቀምጠው ነበር። ነገሩን ስነግራቸው የቆረሱትን መልሰው አስቀመጡ፤ መስቀላቸውን አንስተው ወጡ። ምስጋኑ፣ እሳቸው ሮጡ። ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ጥምጥማቸው እየተፈታ፣ በዚያ ሁሉ አጫጅ ፊት ዳገቱን ሮጡ። እኔ ከኋላቸው መድረስ አቃተኝ። ገብቼ የእናታችንን እጅ ስይዝ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ማታ አንተ ገብተህ «መምሬ የት ነበሩ?» ብለህ ስትጮህ «ዘግይተው መጡ» አልሁህ። ሁለት ቃል ናት። ስናገራት ሐሰት እንኳ አልመሰለችኝም፤ ከአፌ አምልጣ ወጣች፣ አንተ ተቀበልሃት፣ እኔም አልመለስኋትም። በአርባዋ ተዝካር ቀን ከዳሱ አስወጣሃቸው። «የእናቴን ነፍስ በደጅ ያስቀሩ ቄስ የእናቴን ጠላ አይቀምሱም» አልሃቸው። እኔ ጋኑን ተደግፌ ቆሜ ነበር። እሳቸው አንድ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰው ወጡ። ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ ሌላ የነፍስ አባት ያዘ። አንተም አገሩን ጠልተህ አሰብ ወረድህ።

ይኸው ሃያ ዓመት ሆነው። መምሬ ለገና በዓል መጥተው ዓይናቸው ስለደከመ ወደ ገነተ ማርያም መመለስ አልቻሉም፤ እዚህ ከተማ ከተዳረችው ልጃቸው ቤት ቀሩ። ባለፈው ሳምንት አስጠሩኝ። ትምህርት ቤት ባልገባም ከቀበሌው ማስታወቂያ ላይ ፊደል በፊደል ለቅሜ መጻፍ መቻሌን ሰምተዋል። መደብ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ወደ ድምፄ ዘረጉና «ልጄ፣ ምስጋኑ ያለበትን ታውቂያለሽ። እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ» አሉ። «እናትህ በጠራችኝ ቀን ዘግይቼ ይሆናል። ያኔ እንዳልዘገየሁ እርግጠኛ ነበርሁ። ሃያ ዓመት ሰው ሁሉ ዘገየ ሲለኝ ግን አሁን ራሴም አላውቅም። ምናልባት ቅዳሴውን አስረዝሜው ይሆናል። ሳልሞት ይቅር በለኝ።»

እንዳሉት ጻፍሁ። «አንብቢልኝ» አሉ፤ አነበብሁ። «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። ወንድሜ፣ ይህን እጅ ባረኩት።

ወረቀቱን ስድስት ቀን ከትራሴ ሥር አስቀመጥሁት። ስድስቱንም ቀን ልሮጥ ወጥቼ ጅረቱ ሳልደርስ ተመለስሁ። ጉልበቴ ደኅና ነው፤ ትንፋሽ ነው ያጣሁት። ለምን ትሮጫለሽ ብለህ ነበር። ያን ቀን ያልሮጥሁትን መንገድ አሁን ሮጬ የምጨርሰው መስሎኝ ይሆናል። ያም ሁሉ ምክንያቴ አይደለም። ደስም ስለሚለኝ ነው። ጠዋት ብርዱ ፊቴን ሲመታኝ ደስ ይለኛል፤ እንደኔ ያለች ሴት ደስ ሊላት አይገባም እያልሁ ይህንንም ደብቄ ኖሬአለሁ። ዛሬ ሁለቱንም አወጣሁ። የመምሬን ወረቀት ቀድጄዋለሁ፤ ያልሠሩትን ኃጢአት በእጄ ጽፌ አልልክልህም።

ከአንተ ሌላ የሥጋ ዘመድ የለኝም። ይህን አንብበህ እኅት የለኝም ብትል አልፈርድብህም፤ ከመጻፌ በፊት አስቤበታለሁ። ለእኔ መልስ ባትሰጥ ዝም እላለሁ። ለእሳቸው ግን ጻፍላቸው። ሁዳዴ ሊገባ ነው፤ ፋሲካን የሚያዩ አይመስለኝም። አንዲት መስመር ትበቃለች።

ባለቤትህን ገለቴን በጣም ናፍቄሻለሁ በልልኝ፤ የላከችልኝ ሻሽ ደርሶኛል። አረጋን ፊደሉን አጥርቶ እንዲጽፍ ምከርልኝ። የሺሃረግን ጉንጭና ጉንጯን ሳምልኝ፤ አክስትሽ ሳታይሽ ናፍቆትሽ በርትቶባታል በላት። ወለተ ሩፋኤልም ሰላም ብላሃለች፤ እኅትህን መጥተህ እሰርልኝ ትልሃለች።

ቀበሌው ደብዳቤ ሲጽፍ ከግርጌው «ግልባጭ» እያለ ሌላውን ተቀባይ ይጠራል። እኔም ይህን ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ያንተን ሹፌሩ ይዞት ይመጣል። ሁለተኛውን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ራሴ አደርሳለሁ፤ ዓይናቸው ስለማያይ ከፊታቸው ተቀምጬ የማነብላቸው እኔው ነኝ።

እኅትህ አስቻለች ከፋለ
ላሊበላ፣ የካቲት 22 ቀን 1975 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለመምሬ ሞላ
በልጃቸው ቤት፣ ላሊበላ