ሁለተኛው ሐኪም

…አንቺን ልወልድ በቃሬዛ ወደ ቢቸና ሲወስዱኝ አባትሽ ጃንጥላውን ለእኔ ዘርግቶ እሱ ሲበሰብስ ዛሬም ይታየኛል...

ልጄ ሀይማኖት፣ ኪዳነ ምሕረት በሩቅ ባለሽበት ትጠብቅሽ። አሁን ሞጣ ተኝቻለሁ፤ እጢ ስለበቀለበት ማህፀኔ ሊወጣ ነው። እጢው ከሽንት ፊኛዬ ጋር ስለተጣበቀ ሐኪሜ «እማማ፣ ብቻዬን አልደፍርም» ብሎ ስፔሻሊስት እንዲያግዘው ጠራ። እህቴ አየሁሽ «ለአንዲት አሮጊት ሁለት ሐኪም! ሹመት አገኘሽ» ብላ አሳቀችኝ። እኔ ግን ሁለት የሆኑት አንዱ ስለማይበቃኝ ነው እላለሁ።

ስፔሻሊስቱ ዛሬ ደረሰ። «ልጅዎ ታውቃለች?» ሲለኝ «አዎ» ብዬ ዋሸሁ።

የሚወጣውን አየሁሽ ተቀብላ ትቀብረዋለች፤ አንቺ የነበርሽበት ነውና አይጣልም። የእኔን ነገር ልትነግርሽ ስትደውልልሽ ብቻሽን አትሁኚ። እግዜር ልጅ ይስጥሽ፤ አጠገብሽም ያኑርልሽ።

ሐኪሞቹ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ቀድመው ገቡ፤ እኔን እስኪጠሩኝ በሩ ተዘጋ።