ያልለቀቅሁት ውጤት

ውድ ጋሼ፣

መንገዱ እንዴት ይዞሃል? አስቸገረኝ ያልከው ጎማስ ተቀየረልህ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ወረቀት ግን መኪናህን ጥግ አስይዘህ አንብበው፤ መሪውን መደብደብህ አይቀርምና ቢያንስ ቆመህ ይሁን።

ወደ ሕክምና ትምህርት አልዛወርም። ይኸው ተናገርኩት። ባዮሜዲካል ሳይንሴን እጨርሳለሁ፣ ላቦራቶሪ እገባለሁ፣ በቃ።

ባለፈው በስልክ «ነጥብሽ እያለ፣ በሩ ተከፍቶልሽ ሳለ፣ ዕድሜ ልክሽን ከሰው ሽንት ጋር ልትኖሪ ነው? ለጓደኞቼ ምን ልበላቸው?» አልከኝ። ሳቄ መጣ እንጂ አልተቀየምኩህም። እናትና አባታችን ካለፉ ወዲህ እኔን ሰው ለማድረግ ያልሆንከው ነገር የለም፤ እህቴ ዶክተር ናት ማለት ቢያምርህ አይፈረድብህም። እኔም ብሆን ልቤ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። የዝውውሩን ቅጽ አምጥቼ ስሜን ጽፌበት ነበር፣ እውነቴን ነው።

ከዚያ ልምምድ በምሠራበት ሆስፒታል አንድ ነገር ገጠመኝ። የአንዲት እናት ደም መጣና ማሽኑ ላይ ጫንኩት። ፖታሲየሟ ጣራ ነክቷል፣ ካልሲየሟ ጭራሽ የለም ማለት ይቀላል። ደገምኩት፤ ያው ነው። እንዲህ ዓይነት ደም ያለው ሰው እንኳን ሊቆም ልቡም አይመታለትም። ሮጬ ክፍሏ ሄጄ ባያት፣ ሴትዮዋ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ከጎረቤቷ ጋር በሳቅ ትፈርሳለች!

ስመለስ ስልኩ ይጮኻል። ሐኪሙ ነው። «የታለ ውጤቱ?»

«ወጥቷል ዶክተር፣ ፖታሲየሟ እጅግ ከፍ ብሏል፣ ግን አላመንኩትም። እንደገና ደም ይቀዳልኝ።»

«አንቺ ተማሪዋ አይደለሽም እንዴ? አለቃሽን አቅርቢልኝ!»

ስልኩን ለአለቃዬ ሰጠኋት። እሷ ግን መነጋገሪያውን በመዳፏ ሸፍና «ምክንያትሽን ንገሪኝ» አለችኝ። ነገርኳት። ደም ከሚቀዳባቸው ብልቃጦች፣ ባለ ወይን ጠጅ ቀለም ክዳኑ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ጨው አለ፤ ጨዉ ራሱ ፖታሲየም አለበት፣ ካልሲየምን ደግሞ ይዞ ያስቀራል። ከዚያ ብልቃጥ፣ ይህ ምርመራ ወደሚሠራበት ባለ ቀይ ክዳኑ ትንሽ ደም ከተገለበጠ ልክ እንደዚህ ያለ ውጤት ይወጣል። አለቃዬ ሰማችኝና በስልኩ «ይቀዳላት» ብላ ዘጋችው።

ደሙን የቀዳችውን ነርስ ስጠይቃት ምንም ሳትደብቅ «ቀዩ አልሞላ ሲለኝ ከወይን ጠጁ ጨመርኩበት፤ ያው የራሷ ደም አይደል እንዴ?» አለችኝ። ደግ ሰው ናት፣ ሴትዮዋን ሁለቴ ላለመውጋት ብላ ነው።

በአዲሱ ደም ሁሉም ልክ ሆነ። ሐኪሙ ራሱ ወደ እኛ መጣ። ድምፁ ዝቅ ብሎ «ፖታሲየም ማውረጃ መድኃኒቱን አዘጋጅቼ ነበር። ልክ በሆነ ደም ላይ ብሰጣት ኖሮ ልቧን ላቆመው እችል ነበር» አለ። «ጎበዝ» ብሎኝ ሄደ።

ጋሼ፣ ያን ቀን የተሰማኝን እንዴት ልንገርህ? ደስታው አላስቀምጥ አለኝ። ሴትዮዋ መኖሬን እንኳን አታውቅም፤ ቅንጣት አልከፋኝም። እዚህ ቦታ ላይ የምጠቅም ሰው መሆኔን አወቅሁ። ሐኪምነት ትልቅ ሥራ ነው፣ የእኔ ግን ይሄኛው ነው።

የዝውውሩ ምዝገባ ትናንት ተዘጋ። ሆን ብዬ ነው ዛሬ የጻፍኩልህ። ቀድሜ ብነግርህ ትደውል ነበር፣ ድምፅህን ስሰማ ደግሞ እሺ ማለቴ አይቀርም። በዓለም ላይ እምቢ ማለት የሚያቅተኝ አንተን ብቻ ነው።

እንግዲህ ተቆጣ፣ መብትህ ነው። ተቆጥተህ ስትጨርስ ግን ደውልልኝ፤ ናፍቀኸኛል። ጠዋት ጠዋት ብቻ አትሞክር፣ ናሙና የሚጎርፍበት ሰዓት ስለሆነ አላነሳልህም።

የምትወድህ እህትህ፣
የላቦራቶሪዋ