ያችን መስመር አውጣልኝ

ደሴ፣ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፦

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ። እንዴት ሰነበትክ? ያ ጉንፋን ለቀቀህ ወይ? ባለፈው ስትደውል ድምፅህ ተዘግቶ ነበር። አንተ ገና ከእንቅልፌ መንቃቴ ነው አልከኝ፤ እኔ ግን የእንቅልፍ ድምፅህንና የጉንፋን ድምፅህን ካንተ ይልቅ ለይቼ አውቃቸዋለሁ። የቤት አከራይህ እማማ ኢሎናስ ጉልበታቸው እንዴት ሆነ? ሰላም በልልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ክረምቱ ዘንድሮ ቸኩሏል፤ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ይውላል። አጥር የምንጋራት ፋጡማ ሰላም ብላሃለች። ደብረሰን የሚለውን የፈረንጅ ከተማህን ስም ዛሬም አልለመደችውም፤ የሙስሊም ልጅ ደብር ገብቶ ቀረ እያለች ትስቃለች።

ይህን ወረቀት እጅ በእጅ የምታደርስልህ የጣሀ ልጅ ሀኒ ናት። ለወንድሟ ሠርግ መጥታ አሁን እዚያው አንተ ከተማ ወደ ትምህርቷ መመለሷ ነው። እንዳትከፍተው ወላሂ አስብያታለሁ። ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትል ይሆናል። አንተ እማ ስትለኝ ምላሴ ይተሳሰርብኛል። ልነግርህ ብዬ ስንት ጊዜ ጀምሬ ስንት ጊዜ ስለ ዝናብ አውርቼህ ዘጋሁ።

የላክህልኝን ገጽ አገኘሁት። ዶክትሬትህን የጨረስክበት መጽሐፍ መግቢያ ላይ የሚገባውን፣ ምስጋና የሚለውን። ለእኔ ብለህ ወደ አማርኛ መልሰኸዋል። አርብ ከሰዓት ሴቶቹ ለዱዓ ቤቴ ተሰብስበው ሳለ ነው የደረሰኝ። ሀኒ ስልኬን ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበችው። «በኮሮናው ዘመን፣ ሰው ሰውን በሚሸሽበት ጊዜ፣ በሯን በእንግዳ ላይ ላልዘጋችው እናቴ። በሰው አገር በር የተከፈተልኝ እሷ በአገሯ ስለከፈተች ነው» ይላል። ሴቶቹ ማሻአላህ አሉ። አንዷ ዓይኗን ጠረገች። ፋጡማ ብቻ አንገቷን ደፍታ የሻሿን ጫፍ ትጠቀልል ነበር። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ብርጭቆ እየሰበሰበች፣ አንቺ የታተመ ነገር አይዋሽም ባይ ነሽ፤ ይኸው ልጅሽ ሊያሳትምልሽ ነው፣ አለችኝ። ልትስቅ ጀመረችና ሳትጨርሰው ተወችው።

ልጄ፣ ያችን መስመር አውጣልኝ። በወሩ መጨረሻ አስረክባለሁ ብለሃል። ሳታስረክብ አውጣት።

እኔ ፊደልን እንዴት እንዳገኘሁት ታውቃለህ። አንደኛ ክፍል ገብተህ ማታ ማታ ሀሁ ስትል፣ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ካፍህ እየለቀምኩ ነው። አባትህ የሞተ ጊዜ የቀበሌውን ወረቀት ራሴ አንብቤ በስሜ ፈረምኩ፤ ጸሐፊው ጣቴን ሊነክርበት ያዘጋጀውን ቀለም መልሶ ከደነው። ከዚያ ወዲህ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት እንኳ ሳላነብ አልጥልም። ለእኔ የተጻፈ ነገር አደራ ነው። በስሜ ሐሰት ተጽፎ እዚያ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ከሞትኩም በኋላ ሰው ሲያነበው እንዲኖር አልፈልግም።

ኪደንን ወደዚህ ቤት ያመጣሃት አንተ ነህ። ከጁባ ድረስ መጥታ ሁለተኛ ዲግሪዋን እዚህ የምትማር ልጅ አለች፣ ዶርሙ አልተመቻትም፣ የጓሮውን ክፍል እንስጣት አልከኝ። ቁመቷ ከበሩ ጉበን ይበልጥ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ግንባሯን መታትና እኔ ስደነግጥ እሷ ሳቀች። አማርኛ መቁጠር ሳትችል አብሽሩ ብሎ ማጽናናት ቻለች። ለጥናቷ የምታዘጋጀውን መጠይቅ እያመጣች አማርኛውን እንዳርምላት ትሰጠኝ ነበር። እኔ፣ አንድ ቀን ክፍል ገብቼ የማላውቅ ሴት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጽሑፍ በእርሳስ አርሜአለሁ። አስተማሪዬ ብላ ትጠራኝ ጀመር። እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው ከእሷ በፊትም ከእሷ በኋላም የለም።

አንተ መስከረም ላይ ሄድክ። መጋቢት ላይ በሽታው ገባና ትምህርት ተዘጋ። ያገሩ ልጆች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደየቤታቸው ገቡ። የእሷ አገር መንገድ ግን ተዘግቶ ነበር። ጥናቷ እንዳይቋረጥ ብላ ኮምቦልቻ እየወረደች የፋብሪካ ሴቶችን መጠየቅ ያዘች። እዚያ ፋብሪካ ከምትሠራ ስመኝ ከምትባል የኩታበር ልጅ ጋ ሳምንት አሥር ቀን ታድርና ወደ እኔ ትመለሳለች።

በረመዳን አሥራ አንደኛው ቀን፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ የግቢው በር ተንኳኳ። እዚህ ላይ ደርሼ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ፈርቶ ነበር፣ ሰው የውጭ አገር ሰው ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር፣ እንዳላስገባት ገፋፉኝ ብዬ ጽፌ ነበር። መልሼ ሳነበው ሰረዝኩት። ሥርዙን ታየዋለህ። ማንም አልገፋፋኝም። ፋጡማ እንዲያውም በአጥሯ ላይ ብቅ ብላ፣ ልጅቷ መጣች እኮ፣ ክፈቺላት እንጂ፣ ጆሮሽ ነው ወይስ ቁልፍሽ የጠፋው፣ ብላ ጮኻብኛለች።

በሩ ሥር ቆሜ ነበር። ቁልፉ እጄ ላይ ነው። እማማ፣ እኔ ነኝ፣ አለች ኪደን። መኪና ጠፍቶ የሐረጎን ዳገት ግማሹን በጭነት መኪና፣ ግማሹን በእግሬ ነው የወጣሁት፣ አለች። መልስ ስታጣ፣ ፈርተው ከሆነ ኬላው ላይ ለክተውኛል፣ ደህና ነኝ፣ ወረቀቱን ይዩት፣ ብላ በቆርቆሮው ሥር አሾለከችልኝ። አነሳሁት። አነበብኩት። ማኅተም አለው፤ ትኩሳት የላትም ይላል። አጠፍኩና ኪሴ ከተትኩት።

የመግሪብ አዛን ተሰማ። ተመልሼ ተምሬን አንስቼ አፈጠርኩ። እንግዳ በሬ ላይ ቆማ እኔ ፆሜን ፈታሁ። ይህን ሌላ ሰው ቢያወራልኝ በወሎ ምድር እንዲህ ያለ ሰው የለም ብዬ እከራከር ነበር። ሁለተኛውን ተምር ሳነሳ የእግሯን ኮቴ ሰማሁ፤ ወደ ታች እየራቀ ሄደ።

ወረቀቱን ካነበብኩ በኋላ በሽታውን ፈራሁ ማለት አልችልም። የፈራሁት ሌላ ነው። ሳምንት ቀደም ብሎ ደውለህ ከእኔ ጋ ካወራህ በኋላ ኪደንን አቅርቢልኝ ብለኸኝ ነበር። ስልኩን ይዛ ጓሮ ገባች። ባትሪው እስኪያልቅ አልወጣችም። በመስኮት ሳቋ ይሰማኝ ነበር። እንዲያ ያለውን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ስቄዋለሁ። ያለኝ አንድ ልጅ ነው። ትምህርት የወሰደው ይመለሳል ብዬ ነበር የምጽናናው። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ከዚያ በኋላ ስትደውል፣ ኪደን እንዴት ናት ስትል፣ ደህና ናት አልኩህ። አቅርቢልኝ ስትል ልብስ እያጠበች ነው፣ ተኝታለች፣ ፈተና ላይ ናት አልኩህ። በኋላ አንተንም በሽታው ያዘህ። አሥራ አራት ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ብቻህን ተቆልፈህ፣ እማማ ኢሎና ሾርባውን በርህ ላይ አስቀምጠው፣ አንኳኩተው፣ ደረጃው ላይ ወርደው፣ ወጥተህ እጅህን እስክታሳያቸው ይጠብቁ እንደነበር የነገርከኝ እያለቀስክ ነው። እማ፣ ለኪደን ያደረግሽው ነው ለእኔ የተመለሰልኝ አልክ። እኔም አሚን አልኩ። ከዋሸሁህ ሁሉ ያቺ አሚን ትከብደኛለች።

መልስ አትሰጠኝም፣ ምን ሆናብኝ ነው፣ ብለህ የጠየቅከኝን ቀንም አልረሳሁትም። መንገዱ ተከፍቶ አገሯ ገባች፣ ታጭታለች ሲሉ ሰማሁ፣ አልኩህ። ማንም አላለኝም። አንተም፣ ዝናብ አለ እዚያ? አልከኝ።

በጦርነቱ ጊዜ ሸሽተን ደብረ ብርሃን ስንደርስ የማላውቃት ሴት ማን ነሽ ሳትለኝ አስገብታኝ ነበር። አልጋዋን ለቀቀችልኝ። ሁሉም ድካም ነው አሉኝ እንጂ፣ እኔ ያን ያህል ያለቀስኩት በድካም አልነበረም።

ገጹ ከመጣ በኋላ ማክሰኞ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሠራተኛ ሲወጣ ጠብቄ ስመኝን አገኘኋት። ስሜን ስነግራት ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከደሴ ኮምቦልቻ አራት ዓመት ይፈጃል እንዴ እትዬ? እሷ እኮ በአንድ ሌሊት ነው የወረደችው፣ አለችኝ። ጓደኞቿ ሳቁ። እኔም የሚገባኝ ነው ብዬ ቆምኩላት። ያኔ ደነገጠችና ክንዴን ይዛ ቤቷ ወሰደችኝ።

ኪደን ንጋት ላይ እግሯ ተልጦ እንደደረሰች የነገረችኝ እሷ ናት። አምስት ወር ሦስት ሆነው በአንድ ፍራሽ ተኙ። አንዷ የሌሊት ፈረቃ ስትገባ ለሁለቱ ሰፋ ይልላቸው ነበር። ጥናቷን በጀሪካን ላይ ጣውላ አጋድማ ጻፈችው። የተመረቀችው እዚሁ ደሴ ነው ልጄ። ከቤቴ አሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ጥቁሩን ልብስ ለብሳ ስትቆም፣ እልል ያሉላት ከኮምቦልቻ የመጡ ሁለት የፋብሪካ ልጆች ብቻ ነበሩ።

ስመኝ ጁባ ደወለችላት። እማማ ናቸው ብላ ሰጠችኝ። ይቅር በይኝ አልኩ። ኪደን፣ ያን ቀን እግርዎን በቆርቆሮው ሥር አይቼዋለሁ፣ ሲያነቡም ቆሜ ጠብቄያለሁ፣ አለችኝ። ቀጥላም አብሽሩ አለች። አማርኛዋ አልጠፋም። ለምን ለእሱ አልነገርሽውም? ስላት፣ ለልጅ የእናቱን ነገር እንዴት አድርገው ይነግሩታል? ዝም ካልኩ ይረሳኛል ብዬ ቁጥሬን ቀየርኩ፣ አለች። አሁን እዚያ ነርሶች ታስተምራለች። ይቅር ብያለሁ የሚለውን ቃል አልሰጠችኝም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኳትም።

መስመሯን አውጣና ለእማማ ኢሎና የጻፍከውን ምስጋና ብቻ እንዳለ ተወው። ቦታ ከተረፈህ ስመኝን ጻፋት። ለፋጡማና ለሴቶቹ እኔው እነግራቸዋለሁ፤ የሚቀጥለው አርብ ሲሰበሰቡ። አንተ ብትቀየመኝ፣ ሳትደውል ብትከርምም አልፈርድብህም። ብቻ እየተቀየምክም ቢሆን ምግብህን አትተው፣ ለደረትህም ሞቅ ያለ ነገር ልበስ። አላህ የደከምክበትን ዕውቀት ለሰው የሚጠቅም ያድርግልህ። ለአባትህ ይዘንለት። ለእማማ ኢሎና ዕድሜ ይስጥልኝ፤ በእኔ ፋንታ እናት ሆነውሃልና።

የኪደንን ስልክ ቁጥር በዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌዋለሁ። ስመኝ ሦስት ጊዜ እያነበበችልኝ ነው የጻፍኩት፤ አልተሳሳትኩም። ታጭታለች ያልኩህን ስነግራት ኪደን ሳቀች፤ ማንም የለም አለችኝ። ይህንንም ይንገሩት አላለችኝም፤ አይንገሩትም አላለችኝም።

እናትህ