ከጉንጭሽ አጠገብ የጎበጠው ሚናራ

ልጄ ሰልማ፣ አላህ ሰላሜን ጅዳ፣ ሳፋ ሰፈር ድረስ ያድርስልኝ፤ ከክፉ ዓይንም ከክፉ ሰውም ይጋርድሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱ ተሽሎት መስጊድ በእግሩ መሄድ ጀምሯል።

ማዳምሽ ለዑምራ መካ ስትወስድሽ የተነሳሽው ፎቶ ደርሶኛል። «እማ፣ ራሴ ነኝ ያሳመርኩት፤ እንከኑን ሳትደብቂ ንገሪኝ» ብለሻል። እሺ። ቀሚስሽ ያምራል፤ ብርሃኑም ፊትሽን አፍክቶታል። ጎረቤቱ ሁሉ «ሰልማ ወፈረች፣ ተመቻት» እያለ መረቀኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ላሳጥበው ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ፎቶ አንሺው ወንድምአገኝ ግን አየት አደረገና መልሶ ሰጠኝ። ስወተውተው፣ «ከጉንጯ አጠገብ ያለውን ሚናራ አዩት? ጎብጧል። ጉንጯን ሞላ ለማድረግ በስልኳ ስትስበው እሱም አብሮ ተስቦ ነው» አለኝ።

የሐረም መስጊድ ሚናራ አይጎብጥም፣ ልጄ። ምን ያህል ብትከሺ ነው ጉንጭ የሠራሽልኝ? አሞሻል? አሠሪዎችሽ ምግብ ይከለክሉሻል?

ፎቶውን ሳላሳጥበው ተመለስኩ። አላህ ያግራልሽ፣ በጤና ለዓይኔ ያብቃሽ። እባክሽ፣ ምንም ያልነካካሽውን አንድ ላኪልኝ። እሱን ለማንም አላሳይም፤ እንከንም አላወጣለትም።

እናትሽ ራሕመት