ከክልሉ ግርጌ የፈለቀው ውኃ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3
አበቃ! እሑድ የገበሬ ማኅበሩ ተሰብስቦ ተራራው ለከብትና ለመጥረቢያ ይከፈት አይከፈት እጅ ሊወጣበት ነው። ዛፉ እንዲያገግም ተብሎ የተከለለ፣ ስምንት ዓመት የጠበቅሁት ክልል! መንደሩ «የቅጠል ዘበኛ» ይለኛል። የሊቀ መንበሩ ሚስትማ ላሞቿን ስላባረርኩባት ሰላምታ ከነሣችኝ ቆየች። ወይራው ገና ክንድ አያህልም። ንድድ ብሎኛል።

ረቡዕ፣ የካቲት 4
ውኃ! በበጋ! ከክልሉ ግርጌ፣ ልጅ ሳለሁ ምንጭ የነበረበት፣ ደኑ ሲመነጠር የደረቀው ቦታ። ተራ ጭቃ መስሎኝ በዱላዬ ጫር ጫር ባደርገው ኩልል አለ። ጠጣሁት፤ ጥርስ ያደነዝዛል። ባለቤቴ መንበረ እየሮጠች መጥታ እንስራዋን ሞላችና አለቀሰች። ወንዝ ወርዳ እስክትመለስ ግማሽ ቀን ይሄድባት ነበር። መሠረተ ትምህርት ይባረክ፤ መጻፍ ባልችል ኖሮ እፈነዳ ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 5
ጉድ ፈላ። ዛሬ አቦ ነው፤ ሰው ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣ ምንጩን ከቦ «የአቦ ጸበል ፈለቀ!» አለ። እልልታ በእልልታ። የሊቀ መንበሩ ሚስት ሳትቀር ጫማዋን አውልቃ ተጠመቀች! መንበረ ጎኔን ጎሸም አድርጋ «ዝም በል። ጸበል ካሉት ማንም መጥረቢያ አያነሣበትም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ዝም አልኩ። ግን ጸበል ከሆነ ልብስ አይታጠብበት፣ ከብት አይጠጣበት። እሷም ልብሷን ተሸክማ ወደ ወንዙ ልትመለስ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7
አላስቻለኝም፤ ቄሳችን አባ ወልዴ ዘንድ ሄድኩ። «አባ፣ ዝናቡን ዛፉ ይዞት ነው እንጂ...» ስል ሳቁብኝ። «እኔ መች ባረክሁት? የቸኮለው ሰው ነው። እግዜር በዛፍም ይሠራል። ነገ ራስህ ተናገር።» መናገሩ ነው ጭንቁ። ጸበል አይደለም ካልኩ ዛፉን ሊቆርጡት ይችላሉ።

እሑድ፣ የካቲት 8
ተናገርኩ! «ድሮ ዝናቡ አፈራችንን ይዞ ቁልቁል ወደ ቆላው፣ ወደ አሊዩ አምባ ይወርድ ነበር። አሁን ዛፉና ሣሩ ያስቀሩታል፤ መሬት ይጠጣዋል። ምንጩ ከዚያ ነው የመጣው። ዛፉን ቁረጡና ውኃውን ተሰናበቱት» አልኩ። ከዚያ መንበረ፣ ያቺው ዝም በል ያለችኝ፣ ተነሥታ «አባ፣ ታዲያ ልብስ ይታጠብበት?» አለች። «እጠቡበት እንጂ!» አሉ አባ። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እጅ ወጣ። ክልሉ አይከፈትም፤ ሣሩ ግን በተራ በማጭድ ይታጨዳል። ሊቀ መንበሩ እጁን አላወጣም፤ ሚስቱ ሁለቱንም አወጣች! ለከርሞ እንደገና ይታያል ተብሏል። ይታይ። እኔ ዛሬ ከደስታ ብዛት እህል እንኳ አልወርድ ብሎኛል።