ከሎተሱ ቅጠል ላይ የጎደለው ጸጉር

ውድ ፖን፣

ብጫ የምንኩስና ልብስ ለለበሰ ሰው «ውድ» ተብሎ ይጻፍ አይጻፍ አላውቅም። እናትህን ብጠይቃት «ስሙን አትጥሪ፤ አንቱ በዪው» እንደምትለኝ ግን ይገባኛል። ይቅር በለኝ። አንቱ ካልኩህ ከአክብሮቱ ጀርባ ተደብቄ፣ እንደ ልማዴ ሌላ ሌላውን አውርቼ ደብዳቤውን እዘጋለሁ። ስለዚህ ለዛሬ ብቻ፣ ወንዙ ውስጥ አብረን እንደተንቦራጨቅንበት ዘመን፣ አንተ ልበልህ።

የምጽፍልህ ተንሳፋፊው ቤታችሁ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። መስመሩ እየተጣመመብኝ ነው። መጀመሪያ ማዕበል ቤቱን እየናጠው መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁ፤ አንድም ጀልባ አላለፈም።

ፈርቻለሁ፣ ፖን። ምን እንዳስፈራኝ ከሥሩ ልንገርህ።

አንድ ፊልም ጽፌ ነበር። ባንኮክ ከገባሁ ጀምሮ የሰው ድርሰት ሳርም ነው የኖርኩት፤ በራሴ ስም የወጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ይህ ነው። አንተ ሱባዔ በገባህ በሁለተኛው ወር ሲኒማ ቤት ገባ፤ በሦስተኛው ሳምንት ወጣ። ታሪኩ አጭር ነው። ወንዝ ላይ አብረው ያደጉ ሁለት ጓደኛሞች አሉ። ልጅቷ ልጁን ትወደዋለች፣ እሱ አያውቅም፣ እሷም ሁለት ሰዓት ሙሉ አትነግረውም። ባለቀሰች ቁጥር የታሸገ ሻይ ትጠጣለች፤ ፊልሙን የደገፈው የሻይ ፋብሪካ ስለሆነ አምስት ቦታ አልቅሳ አምስት ጠርሙስ ጨርሳለች።

ተመልካቹ አልማረንም። አንዱ «ይህችን ልጅ የያዛት ፍቅር ሳይሆን የጉሮሮ በሽታ ነው» ብሎ ጻፈ። በመጀመሪያው ቀን ከፊቴ የተቀመጠች ተማሪ ደግሞ ጓደኛዋን «ምናለ ተናግራ ብትገላግለን?» ስትላት በጆሮዬ ሰማሁ። እውነቷን ነው። የፊልሙን መጨረሻ አራት ጊዜ ነው የጻፍኩት። በመጀመሪያው ላይ ልጅቷ ተናግራ ነበር። ያንን ገጽ ቀድጄ ጣልኩት፤ አንድ ቀን ታየዋለህ ብዬ ፈራሁ። ፊልሙን ያበላሸው ዳይሬክተሩም አይደለም፣ ሻዩም አይደለም። የኔ ፍርሃት ነው።

ልጁ አንተ ነህና።

ይህን ስታነብ ፊትህ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ከሁሉ የሚያስፈራኝም አለማወቄ ነው። ዕድሜዬን ሁሉ ፊትህን ሳላይ እንኳ የምታስበውን አውቅ ነበር። አረንጓዴ ማንጎ በጨውና በርበሬ ስትበላ የትኛው ቅንድብህ ቀድሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ለእጮኛህ ለራዊዋን ቀለበት ልትገዛ ስትል የጣቷ ልክ ጠፍቶህ የኔን ጣት በክር የለካህ ቀን ደግሞ፣ ስለ እኔ ምንም እንደማታስብ አወቅኩ። «ጣታችሁ እኩል ነው፤ አንቺን የመሰለች እህት ባይኖረኝ ምን ይውጠኝ ነበር?» አልከኝ። እኔም ሳቅኩ። ክሩን ፊልሙ ውስጥ አላስገባሁትም፤ እሱ እንኳ ለራሴ ይቅር ብዬ።

ያስገባሁት ጸጉሩን ነው።

ሃያ ዓመት ሲሞላህ፣ ለእናትህ ጽድቅ እንዲሆናት ብለህ እንደ ወንዶቻችን ወግ ለአሥራ አምስት ቀን የመነኮስክበትን ጊዜ ታስታውሳለህ። ነጭ ለብሰህ ገዳሙ ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጥክ። እናትህ የሎተሱን፣ የውሃ አበባውን፣ ሰፊ ቅጠል በሁለት እጇ ይዛ ከጎንህ ቆመች። ዘመድ ወዳጁ በየተራ መቀሱን እየተቀበለ፣ ከጸጉርህ ቆንጠር እያደረገ እየቆረጠ ቅጠሉ ላይ አኖረ። የኔ ተራ ሲደርስ እናትህ «ቀስ ብለሽ ቁረጪ ልጄ፤ ጆሮውን አብረሽ እንዳትወስጂው» አለችኝና ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ሁለት ጊዜ ቆረጥኩ። አንዱን ቅጠሉ ላይ አኖርኩ። ሁለተኛውን እጅጌዬ ውስጥ ከተትኩ።

ለምን እንዳደረግኩት አስቤበት አልነበረም። ከዚያች ሰዓት በኋላ እጅህን እንኳ መንካት እንደማይፈቀድልኝ ሳስብ እጄ በራሱ ፈቃድ የሠራው ነው። ቅጠሉ ወንዙ ላይ ተንሳፍፎ ሲሄድ ሁሉም መዳፉን አጋጥሞ ሸኘው፤ እኔም አጋጥሜ ሸኘሁ። የጎደለው ጸጉር ግን የራስ ምታት ቅባት በነበረበት ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ ከኔ ጋር ባንኮክ ወረደ። ሰባት ዓመት ሙሉ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከልብሶቼ ሥር ኖሯል።

ለምንኩስና የተቆረጠ ጸጉር የምታስቀር ሴት ምን እንደምትባል እኔም አንተም እናውቃለን። መስተፋቅር ልታሠራበት ነው ትባላለች። እኔ አላሠራሁም፣ ፖን። የማንም ጠንቋይ ደጅ አልቆምኩም። ግን ከገዳም በወጣህ በዓመቱ የመምህርነቱን ፈተና ወደቅክ። ቀጥሎ ሞተር ሳይክሉ ጣለህና እግርህ ውስጥ ብረት ገባ። አምና ደግሞ የሠርጉ ካርድ ከታተመ በኋላ ራዊዋን ቀለበትህን መለሰችልህ። ያን ዕለት ደውለህ «ቻባ፣ እኔ ማንን በድዬ ነው?» ስትለኝ ዓይኔ መሳቢያው ላይ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ቆርቆሮውን ይዤ ድልድዩ ድረስ ሄድኩ። ብወረውረው የባሰ ነገር ቢመጣብህስ ብዬ ይዤው ተመለስኩ። በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም የምትል ሴት እንዴት እንዲህ ትፈራለች ብለህ አትጠይቀኝ። ሁለቱም እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ክረምቱን በሙሉ ገዳም ግባ ያለችህ እናትህ ናት፤ ያ ሁሉ አበሳ ይራገፍልሃል ብላ። እኔም ሲነገረኝ፣ ዝምድና ሳይኖረን በለመደ አፌ፣ «መልካም ሐሳብ ነው፣ አክስቴ ላማይ» አልኳት። አፌ እኮ አያፍርም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ተሸክሜ ሳለ፣ ፊልሙ ላይ ልጅቷ ጸጉሩን ስትሰርቅና ቆርቆሮ ውስጥ ስትደብቅ ጻፍኩ። የልጁም እናት ቅጠሉን ይዛ «ጆሮውን አብረሽ እንዳትወስጂው» ትላለች። ቃሏን መለወጥ ነበረብኝ። ከዚያ የተሻለ አጣሁና እንዳለ ተውኩት፤ ደግሞስ ከኛ ወንዝ ማን ሲኒማ ይገባል አልኩ። እናትህ ሲኒማ ካየች አንተን ከመውለዷ በፊት ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እናትህን ጨምሮ አምስት የወንዝ ሴቶች በአሳ ነጋዴዋ ፒክአፕ መኪና ተጭነው፣ የሱፍ ፍሬ ቋጥረው፣ ሲኒማ ቤት ወዳለበት ናኮን ሳዋን ድረስ ሄዱ። «የኛ ቻባ ስሟ በትልቁ ተጽፏል» ብለው ሊኮሩብኝ ነው የሄዱት።

ባለፈው ሐሙስ እናትህ ደወለች። «ፊልምሽን አየነው» አለች። ከዚያ «ነገ ነይ። ቆርቆሮውንም ይዘሽ ነይ» ብላ ዘጋችው።

አውቶቡሱ ላይ ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ውሸት ስለማመድ መጣሁ። ፈጠራ ነው፣ ሰምቼው ነው፣ ዳይሬክተሩ የጨመረው ነው። ለእያንዳንዱ ውሸት የእናትህን መልስ በልቤ ስሰማው ወደሚቀጥለው እዘላለሁ። ወንዙ ዳር ስደርስ የናንተ ቤት መሸጋገሪያ ሳንቃ ላይ እግሬን አንስቼ ማኖር አቃተኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ብቻ አይደለም። ዳግመኛ እዚያ ቤት አትግቢ ብትለኝ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ በከተማችን በኡታይ ታኒ ውስጥ ሰው ብሎ ሩዝ የሚያቀርብልኝ ቤት እሱ ብቻ ነው።

እናትህ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ አሳ ታጸዳ ነበር። እጄን አጋጥሜ ሰላም ስላት በቢላዋዋ ቦታ አሳየችኝ። ተቀመጥኩ። ሦስት አሳ እስክትጨርስ አላየችኝም።

«አክስቴ፣ ድርሰት እኮ ነው» አልኳት በመጨረሻ።

«ጆሮውን እንዳትወስጂው ያልኩትም ድርሰት ነው?»

ቦርሳዬን ወደ ጀርባዬ ገፋሁት።

«አውጪው» አለች።

አወጣሁት። እጇን በሽርጧ ጠረገችና ቆርቆሮውን ከፈተች። ጸጉሩ ትንሽ ነው፤ ጣት ላይ ቢጠመጠም አይበቃም። በጣቷ ነካ አድርጋ አየችው። እኔ በጉልበቴ ወድቄ ግንባሬን ሳንቃው ላይ አድርጌ ይቅርታ ለመንኳት። ፈተናውም በኔ ነው፣ እግሩም በኔ ነው፣ ቀለበቱም በኔ ነው እያልኩ ሁሉንም ዘከዘክሁት።

«ያን ቀን ቅጠሉን የያዘው ማን ነው?» አለችኝ።

«እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ ዕውር መሰልኩሽ? ስትቆርጪም አይቻለሁ፤ እጅጌሽ ውስጥ ስትከቺም አይቻለሁ። ጸጉሩን የወሰደች አንድ ቀን ልጁን ልትወስድ ትመጣለች ብዬ ዝም አልኩ። ሰባት ዓመት ጠበቅኩሽ እኮ፣ አንቺ ልጅ።»

ቀና ማለት አልቻልኩም። እሷ ግን አንዴ ከጀመረች፣ ታውቃታለህ። ፈተናውን የወደቅኸው ስላላጠናህ ነው አለች። ሞተሩም የጣለህ ጠጥተህ ነው። ራዊዋን እንዲያውም ከመጀመሪያው አሳ ይሸተኛል ብላ እዚህ ቤት ሁለት ጊዜ ገብታ ሳትቀመጥ ነው የወጣችው። «አንቺ ማን ነሽና የልጄን ዕድል የምትዘጊው?» ብላ ጭራሽ ሳቀችብኝ። የተቆጣችው በፊልሙ ነው።

«ያቺ የፊልምሽ ልጅ መጨረሻው ላይ ጸጉሩን ወንዝ ላይ ጥላ፣ ፈገግ ብላ ስትሄድ አብረውኝ የመጡት አለቀሱ። እኔ ግን ተነስቼ ወጣሁ። ውሸታም ናት። አንቺ እኮ አልጣልሽውም።»

«ፈርቼ ነው፣ አክስቴ።»

«በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይሉሻል። ሩዝም አይገባም።»

እርስዎ ይንገሩልኝ ብዬ ለመንኳት። ቆርቆሮውን ክዳኑን ገጥማ መዳፌ ላይ መለሰችልኝ። «ለባለቤቱ መልሺ። እኔ አፍሽ አይደለሁም» አለችና ወደ አሳዋ ዞረች።

ፍርሃቴ እዚያ ላይ ያበቃ ይመስልህ ይሆናል። የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። እናትህን ስፈራ፣ ጠንቋይ ስፈራ፣ ሲኒማ ስፈራ ቢያንስ ካንተ ተደብቄ ነበር። አሁን የቀረኸኝ አንተ ብቻ ነህ። ምንም ሆነህ ብትገኝ «እህቴ» ትለኛለህ። ሲከፋህ ትደውልልኛለህ፣ ማንጎ ስታገኝ ትልክልኛለህ። ሌላ የምትሰጠኝ ነገር ባይኖርህ፣ ይቺንም እንዳላጣት ነው ሰባት ዓመት ትንፋሼን ውጬ የኖርኩት። ይህን ወረቀት ቀድጄ ወንዙ ውስጥ ብጥለው ዛሬም ማንም አያውቅብኝም። ሁለት ጊዜ አጥፌዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ዘርግቼዋለሁ።

እወድሃለሁ፣ ፖን። ሁለት ሰዓትና አምስት ጠርሙስ ሻይ የፈጀው ነገር ይኸው ይህ ነው።

ደብዳቤውን ነገ ጠዋት ከምግብህ ጋር እናትህ፣ ከሴት እጅ በምትቀበልበት ጨርቅ ላይ ታኖርልሃለች። አላነበብኩትም ብላ ትምልልሃለች፤ እንዳታምናት። ከአሥር ቀን በኋላ ሱባዔው ያልቃል፤ በማግስቱ መነኮሳቱ ሁላችሁም ምጽዋት ልትቀበሉ ከኮረብታው ገዳም ያን ሁሉ ደረጃ ትወርዳላችሁ። እኔ ከታች፣ በግራ በኩል፣ ከእናትህ አጠገብ ሩዝ ይዤ እቆማለሁ። መነኩሴ በምጽዋት ሰልፍ ላይ አያወራም፣ ሴትንም ቀና ብሎ አያይም። ቀኑን የመረጥኩት ለዚሁ ነው። ፈሪ ነኝ አላልኩህም? አንተ የምጽዋት ጎድጓዳ ሳህንህን ብቻ ክፈትልኝ፤ ሩዙ ከአፉ ውጭ ቢፈስ አትታዘበኝ።

ልብሱን ስትመልስ ጸጉርህ ገና አንድ ጣት አይሞላም። የድሮው እዚህ በረንዳ ላይ፣ እጄ ውስጥ ይጠብቅሃል። መልሺልኝ ካልከኝ እመልስልሃለሁ፤ ያዢው ካልከኝ እይዘዋለሁ። ወንዝ ላይ ግን አልጥለውም። ፈገግ ብዬም አልሄድም።

ጆሮህን ያልወሰደችው፣
ቻባ