ቺሌሼ እንደ ልቡ ሲተነፍስ

ለውድ እኅቴ ለእትዬ ንካንዱ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? የሐይቁ ንፋስ ዘንድሮ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ጣሪያሽ አሳሰበኝ። ልጆቹስ? ዓሣውስ እየተያዘ ነው? እኔ፣ ባለቤቴ ሙታሌና ልጆቹ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። አለን ስልሽ ግን እኔ እንኳ ግማሽ ሰው ሆኜ ነው።

ሲጋራ ትቻለሁ። እልል በይ! ሃያ ዓመት ስትለምኚኝ የኖርሽውን ከፋሲካ በፊት አደረግሁት። የአናጢ ቤታችንን አለቃ በሳምባ ሕመም የቀበርን ዕለት፣ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ቺሌሼ መቃብሩ ዳር ቆመን የቀሩንን ሲጋራዎች ረግጠን ማልን።

ታዲያ እትዬ፣ ሳጨስ ኖሬ ምንም ያላለኝ ደረቴ፣ ስተው ጊዜ አመፀብኝ። ትንፋሽ ስስብ ከጡቴ በታች ውጋት ቀስፎ ይይዘኛል። መጋዝ ሁለት ጊዜ ስቤ ለሦስተኛው ቁጭ እላለሁ። ሳሉንማ ተዪው። ቺሌሼስ? እሱማ በሁለት ሳምንት ጉንጩ ሞላ። ሳንቃ ተሸክሞ ያፏጫል! በቤተ ክርስቲያንም ብቻውን እንዲዘምር ተመረጠ። ሙታሌ እንኳ የንሺማ ገንፎዬን እያቀረበችልኝ፣ “ቺሌሼን አየኸው? ፊቱ ሳይቀር እኮ ወዛ! አንተን ምን ነካህ?” አለችኝ። አልዋሽሽም፣ ዓይኔ ደም ለበሰ። አንድ ቀን ተውን፤ ለእሱ ምርቃት ለእኔ እርግማን የሆነው በምን ኃጢአቴ ነው?

ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ አዳመጠችኝ፣ ራጅም ተነሣሁ። “የሚያሰጋ ነገር አላየንም፤ ሳሉ የደረትህን ጡንቻ አሳምሞት ነው። ታገስ። ከባሰብህ ወይም ደም ከተፋህ ግን ሳትውል ሳታድር ና” አለችኝ። ጓደኛዬ ግን ምንም አልሆነም ብላት፣ “የመጣኸው ለጓደኛህ ደረት ነው ለራስህ?” ብላ ሳቀችብኝ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ለሙታሌም አልነገርኩ። አንድ ጠዋት ሥራ ቦታ ቺሌሼ ኮቱን ሰቅሎ ወጣ ሲል፣ ከሱቅ የገዛኋትን አንዲት ሲጋራ ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት። እንዲለኩሳት ነበር ሐሳቤ። እሱም እንደኔ ትንፋሽ እንዲያጥረው።

በሳምንቱ ቤቴ መጣ። በራፌ ላይ ቁጭ ብሎ፣ “ካሶንዴ፣ ለአንተ ብቻ ልንገርህ፤ ከኮቴ ኪስ የድሮ ሲጋራ አገኘሁ። ሰይጣን ነው መቼም፣ ለኮስኳት። አሁን በቀን አምስት ደርሻለሁ። አንተ እንዲያ እየታመምክ እንኳ አልተመለስክባትም። እውነቴን ነው፣ ቀናሁብህ” አለኝ።

“ሰይጣኑ እኔ ነኝ” አልኩት፤ ሁሉንም ነገርኩት።

ተነሥቶ ሄደ። ሁለት ሳምንት ሙሉ “ሚስማር አቀብለኝ” እንኳ አላለኝም። ከዚያ አንድ ሰኞ ማለዳ በሬን ደበደበው። “ተነሥ! ይቅር አላልኩህም። ግን ያስጀመርከኝ አንተ ነህ፣ የምታስተወኝም አንተው ነህ። በየጠዋቱ አብረን እንሄዳለን፤ ኪሴን ትፈትሻለህ።”

ይኸው ከዚያ ወዲህ ብርዱን እየቀዘፍን እስከ ወንዙ በእግራችን እንሄዳለን። ኪሱ ውስጥ ሲጋራ ካጣሁ አሥራ አንድ ቀን ሆነው። የኔም ውጋት ለቀቅ እያደረገኝ ነው። ትናንት ዳገቱ ላይ ሁለታችንም ቆመን ሳልን፤ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ እሱ ከእኔ አብልጦ ሲስል ደስ አለኝ። ቅናቱ ገና አልወጣልኝም እትዬ፤ ጸልዪልኝ።

ለባለቤትሽ ለጋሼ ቺሴንጋ፣ መረቡ አይንጠፍበት፣ ሰላም በይልኝ። ሙሶንዳን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ትንሹን ደግሞ አጎትህ ናፍቆሃል በይው። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ሲጋራ መተዌን ንገሪያት፤ የቺሌሼን ኪስ ነገር ግን አደራሽን።

ታናሽ ወንድምሽ ካሶንዴ
ሙፉሊራ፣ ጁላይ 14 ቀን 1996